የልጃገረድ ልብና የእርግዝና መከላከያ እንክብል

ስለ እርግዝና መከላከያ እንክብል እናት ለልጇ፣ እኩያም ለእኩያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታስተላልፈው የኖረችው አንድ ፍርሃት በአገራችን አለ፤ ይኸውም እንክብሉ ማኅፀንን ያደርቃል፣ ገና ያልወለደችውንም ልጃገረድ መካን አድርጎ ያስቀራታል የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት ከስድሳ ዓመታት በላይ በዘለቀው የሐኪሞች ምርመራ ተፈትኖ እውነትነት ያልተገኘበት ነው፤ እንክብሉን መዋጥ ያቆመች ሴት የመፅነስ ኃይሏ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ይመለሳልና። ነገር ግን ሰው በማያስፈራው ነገር ፍርሃቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ሊያስጠይቀው የሚገባውን ነገር ሳያስተውል ማለፉ የተለመደ ነው፤ በዚህም ምክንያት ስለ ማኅፀን አጥብቆ የሚጨነቀው ወላጅ፣ ይኸው እንክብል በልጁ ደም፣ በደም ሥሯና በልቧ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን የተዘነጋ ጥያቄ አንሥቶ፣ የሕክምና ሊቃውንት በብዙ ድካም የደረሱበትን መልስ ለአንባቢ ማቅረብ ነው። መልሱም በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ጤናማ ለሆነች ልጃገረድ እንክብሉ በልብና በደም ሥር ላይ የሚያመጣው አደጋ እውነተኛ ቢሆንም እጅግ ጥቂት ነው፤ ሆኖም በትውልድ ወይም በሕመም ምክንያት አደጋው የሚበዛባቸው ልጃገረዶች አሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙትን ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው በትዕግሥት ጥቂት ጥያቄዎችን መጠየቅና የደም ግፊትን መለካት ነው። እንግዲህ ከእንክብሉ ባሕርይ ይልቅ ይበልጥ የሚያስፈራው፣ ሰጪው ሳይጠይቅ መስጠቱና ተቀባይዋም ሳትናገር መውሰዷ ነው።

እንክብሉን የሚወስዱት እርግዝናን የሚከላከሉ ሴቶች ብቻ እንዳልሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የወር አበባዋ በመጣ ቍጥር ከትምህርት ገበታዋ እስክትቀር ድረስ ሆዷን ለሚቈርጣት፣ ደሟ ከልክ በላይ እየፈሰሰ ደም ማነስ ለያዛት፣ ወይም በብርቱ ብጉር ለምትሠቃይ ልጃገረድ ሐኪም ይኸንኑ እንክብል ሊያዝላት ይችላል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችንም የእንክብሉን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጃቸው ሐኪም ሲሰሙ፣ ነገሩ የነውር ሳይሆን የሕክምና ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል ይኖርባቸዋል።

በአገር ቤት ደግሞ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፣ ከመቶ ያገቡ ሴቶች 35ቱ ዘመናዊ መከላከያ ሲጠቀሙ፣ 23ቱ በመርፌ፣ 8ቱ በክንድ በሚቀበረው፣ 2ቱ ብቻ በሚዋጠው እንክብል ይጠቀሙ ነበር። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች ከመቶ 13ቱ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል። የእንክብሉ ተጠቃሚዎች በቍጥር ጥቂት መምሰላቸው ግን ነገሩን ቀላል አያደርገውም፤ መርፌውንና የክንዱን መከላከያ የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነውና ቢያንስ ከአንድ ጠያቂ ጋር ያገናኛሉ፤ እንክብሉን ግን ልጃገረዲቱ ከመድኃኒት ቤት መስኰት ገንዘብ ከፍላ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት፣ በቦርሳዋ ሸሽጋ ልትሄድ ትችላለች።

እንክብሉ እንዴት እንደ ተገኘ

መድኃኒቱ ወደ ዓለም የገባው በአሜሪካ ነው። ማርጋሬት ሳንገር የምትባል ነርስ ለሴቶች የሚሆን የሚዋጥ መከላከያ እንዲገኝ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጥር ኖራ፣ በእርጅናዋ ዘመን ካትሪን ማኮርሚክ የምትባል ባለጸጋ ወዳጇ ገንዘቧን አፍስሳላት፣ ግሪጎሪ ፒንከስና ሚን ቹ ቻንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከጆን ሮክ ከተባለው የማኅፀን ሐኪም ጋር ሆነው ሥራውን ፈጸሙት። ሰፊው ሙከራ በ1956 የተጀመረው በፖርቶ ሪኮ ደሴት በሚኖሩ ድኾች ሴቶች ላይ ነበር፤ እነዚያም ሴቶች የሚውጡት ነገር ገና በፈተና ላይ ያለ መድኃኒት መሆኑ በሚገባ ሳይነገራቸው መሞከራቸው በታሪኩ ላይ እስከ ዛሬ ያልጠፋ ነቀፋ ሆኖ ቀርቷል። ኤኖቪድ የተባለው የመጀመሪያው እንክብል በ1957 ለወር አበባ ሕመም፣ በ1960 ደግሞ እርግዝናን ለመከላከል በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ።

ያ የመጀመሪያ እንክብል ሁለት ሆርሞኖች ነበሩበት፤ አንደኛው የኤስትሮጅን ወገን ሲሆን መጠኑ 150 ማይክሮግራም ነበረ፤ ሁለተኛው ፕሮጄስቲን የሚባለው ነበረ። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ጥምር እንክብል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ማይክሮግራም የሚሆን ኤስትሮጅን ብቻ ይዟል። ይህን ያህል መቀነስ የተቻለው አምራቾች በገዛ ፈቃዳቸው ስላደረጉት ብቻ አይደለም፤ ሕመም የደረሰባቸው ሴቶችና ሕመሙን አስተውለው የጻፉ ሐኪሞች ነገሩን ስለ ገለጹት ነው።

በ1961 ጆርዳን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በጻፈው አጭር ደብዳቤ፣ ኤኖቪድን ስትወስድ የነበረች አንዲት ነርስ በሳንባዋ የደም ሥር ውስጥ ደም እንደ ረጋባት አስታወቀ። አንድ ምስክር ብቻውን ነገርን አያጸናምና ብዙዎች ነገሩን እንደ አጋጣሚ ቈጠሩት፤ በ1968 ግን በዚያው በእንግሊዝ ኢንማንና ቬሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እንክብሉን የሚወስዱ ሴቶችን ከማይወስዱት ጋር አስተያይተው ግንኙነቱ እውነት መሆኑን አረጋገጡ፤ በሚከተለውም ዓመት የአገሪቱ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ኤስትሮጅኑ ከ50 ማይክሮግራም ያልበለጠው እንክብል እንዲመረጥ መከረ። በአሜሪካም ባርባራ ሲማን የምትባል ጋዜጠኛ በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ ምክንያት ነገሩ በ1970 ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደረሰ፤ ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን በመራው በዚያ ሸንጎ እንክብሉን የሚውጡ ሴቶች ለምስክርነት ባለመጠራታቸው፣ ከአዳራሹ ውስጥ ሴቶች ተነሥተው በመካከል ጥያቄያቸውን በድፍረት አሰሙ። ከዚያ ወዲህ ከእንክብሉ ማሸጊያ ጋር ስለ አደጋው የሚናገር ጽሑፍ አብሮ እንዲሰጥ ታዘዘ። ዛሬ ልጃገረዲቱ ሳታነበው የምትጥለው ያ የተጣጠፈ ወረቀት በብዙ ሴቶች ሕመምና ጩኸት የተገኘ ነው።

ኤስትሮጅኑ በደም ላይ የሚሠራው ሥራ

የሰው ደም ሁለት ተቃራኒ ትእዛዛት በአንድነት የሚፈጸሙበት ድንቅ ፍጥረት ነው፤ ቈዳ ሲቀደድ ፈጥኖ እንዲረጋ፣ በደም ሥር ውስጥ ሲዘዋወር ግን ከቶ እንዳይረጋ ታዝዟል። ይህን የሚያስጠብቁት አርጊና ከልካይ የሆኑ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ የሚበዙት የሚሠሩት በጉበት ነው። በእንክብሉ ውስጥ ያለው ኤቲኒል ኤስትራዲዮል የተባለው ኤስትሮጅን፣ በ1938 በጀርመን አገር በኬሚስቶች ጥበብ የተሠራ፣ ጉበት በቀላሉ የማይሰባብረው ጠንካራ ንጥረ ነገር ነው፤ ከሆድ ወደ ጉበት በደረሰ ጊዜም ደምን የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ያበዛል፣ መርጋትን ከሚከለክሉት ደግሞ አንዳንዶቹን ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ሚዛኑ ወደ መርጋት ትንሽ ያጋድላል፤ በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ ይህ ማጋደል ምንም ሳያስከትል ያልፋል፤ በጥቂቶች ግን በእግር የደም መልስ ውስጥ ደም ይረጋል፣ የረጋውም ደም ተቈርጦ በልብ ቀኝ ወገን በኩል ወደ ሳንባ ሲሄድ የሳንባን የደም ሥር ይዘጋል፤ ድንገተኛ ሞት የሚያስከትለውም ይህ ነው።

ይኸው ኤስትሮጅን ጉበትን አንጂዮቴንሲኖጅን የሚባል ንጥረ ነገር አብዝቶ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ የደም ሥሮችን የሚያጠብብና ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ የሚያደርግ የኬሚካል ሰንሰለት መነሻ ስለ ሆነ፣ በአንዳንድ ሴቶች የደም ግፊት ከፍ ይላል። በደም ውስጥ ያለውም ስብ ይለዋወጣል፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው በአብዛኛው ይጨምራል፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ግን እንደ ፕሮጄስቲኑ ዓይነት ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ከዚህ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፣ በደም መርጋትና በግፊት ነገር የሚከሰሰው በተለይ ኤስትሮጅኑ መሆኑ ነው፤ ስለዚህም በክንድ የሚቀበረውና ፕሮጄስቲን ብቻ ያለበት እንክብል በዚህ ረገድ ከጥምሩ እንክብል ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ከመዳብ የተሠራውም በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፕ ሆርሞን የለበትምና ደምን አያረጋም።

የአደጋው መጠን

አደጋ አለ ብሎ መናገር ብቻውን ማስፈራራት ነው፤ መጠኑን መናገር ግን ማስተማር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባወጣው ግምት መሠረት፣ እንክብል ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ደም በደም መልስ ውስጥ ይረጋል፤ ጥምሩን እንክብል ከሚወስዱት 10,000 መካከል ከ3 እስከ 9 በሚሆኑት ላይ፤ በእርግዝና ጊዜ ከ5 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት 12 ሳምንታት ደግሞ በዓመት ስሌት ከ40 እስከ 65 በሚሆኑት ላይ ይህ ሕመም ይደርሳል። እንኪያስ ማንም አስተዋይ ሰው እንደሚያየው፣ እንክብሉ አደጋውን ቢጨምርም እርግዝናና ወሊድ ከእርሱ ይልቅ ይጨምሩታል። አደጋው ከዕድሜ ጋር የሚያድግ ስለ ሆነ፣ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጃገረድ ከእናቷ ይልቅ ብዙ የራቀች ናት፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በተጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት አደጋው ከሌላው ጊዜ የሚበረታ በመሆኑ፣ አንዴ እየጀመሩ አንዴ እያቋረጡ መውሰድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ለልብና ለአንጎል ደም በሚያደርሱት የደም ቅዳዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት፣ ማለትም የልብ ድንገተኛ ሕመምና ስትሮክ፣ በልጃገረዶች ዘንድ ከደም መልሱ መርጋት ይልቅ እጅግ ያነሰ ነው። በዴንማርክ ከ1995 እስከ 2009 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 1.6 ሚሊዮን ሴቶችን በመዝገብ የተከታተለውና በ2012 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ 20 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን ያለው እንክብል የእነዚህን ሕመሞች ዕድል ከ0.9 እስከ 1.7 እጥፍ፣ ከ30 እስከ 40 ማይክሮግራም ያለው ደግሞ ከ1.3 እስከ 2.3 እጥፍ ያደርገዋል። እጥፍ የሚለው ቃል ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት የሆነ ነገር እጥፍ ቢሆንም ያው ጥቂት ነው። ጥቂትነቱ የሚያበቃው ሌላ ምክንያት ሲታከልበት ነው፤ ይልቁንም ሲጋራና የደም ግፊት ከእንክብሉ ጋር በአንድነት ሲገኙ የደም ሥርን ይጎዳሉ። በእንግሊዝ የጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1968 የጀመረውና 46,000 ያህል ሴቶችን የተከታተለው ጥናት፣ ከእንክብሉ ጋር የተያያዘው የልብና የደም ሥር ሞት በተለይ በሚያጨሱና ዕድሜያቸው ከ35 ባለፈ ሴቶች ላይ እንደ በዛ ገልጧል፤ እነዚያኑ ሴቶች ለአርባ ዓመታት ያህል ተከታትሎ በ2010 በወጣው ዘገባ ደግሞ፣ እንክብሉን ወስደው የነበሩት ካልወሰዱት ይልቅ ያነሰ ሞት እንደ ታየባቸው ተረጋግጧል።

በተለይ ለዐሥራዎቹ ዕድሜ የሚነገር ማስረጃ ከአውስትራሊያ መጥቷል። በፐርዝ ከተማ ከ1989 ጀምሮ ነፍሰ ጡር እናቶችን መዝግቦ፣ የወለዷቸውንም ልጆች እስከ ጉልምስና የተከታተለው የሬይን ጥናት፣ ልጆቹ 17 ዓመት በሆናቸው ጊዜ የደም ግፊታቸውን ለክቶ፣ እንክብል የሚወስዱት ልጃገረዶች ላይኛው የግፊት ቍጥር ከማይወስዱት እኩዮቻቸው በ3 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ አገኘው። በዚያው ምርመራ የወንዶቹ ግፊት እንክብል ከማይወስዱት ልጃገረዶች በ9 ሚሊሜትር ያህል የበለጠ ሲሆን፣ ከእርሱም ጋር የተያያዙት የሰውነት መወፈር፣ ጨውና አልኮል ነበሩ። ሦስት ሚሊሜትር ለአንዲት ጤናማ ልጅ ምንም አይደለም፤ መድኃኒቱንም ስታቆም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግፊቷ ከመጀመሪያው ከፍ ላለባት፣ ክብደቷ ለበዛ፣ ወይም ቤተሰቧ በደም ግፊት ለሚታወቅ ልጅ ግን በሸክም ላይ የሚጨመር ሸክም ነው። የፐርዙ ጥናት የሚያስተምረን እንግዲህ፣ ልጅ ናትና ግፊቷ አይለካም የሚለው ልማድ መተው እንዳለበት ነው።

በድንጋጤ የመጣ ጉዳት

አደጋን መናገር በጥንቃቄ ካልሆነ ራሱ አደጋ እንደሚሆን ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ፣ ሦስተኛው ትውልድ የሚባሉት አዲሶቹ እንክብሎች ደም የማርጋት ዕድላቸው ከቀድሞዎቹ እጥፍ ያህል መሆኑን ለሐኪሞች ጻፈ፤ ነገሩ ለሐኪሞቹ በሚገባ ከመድረሱ በፊት በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተነዛ። የተነገረው ቃል እውነት ነበረ፤ ነገር ግን እጥፍ የተባለው ከጥቂት ወደ ጥቂት መሆኑ፣ እርግዝናውም ከሁለቱ የባሰ መሆኑ አብሮ በሚገባ አልተነገረም። ብዙ ሴቶች፣ በተለይም ወጣቶቹ፣ ማንንም ሳያማክሩ እንክብሉን ጣሉት፤ በሚከተለው ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ከተጠበቀው በላይ 13,000 ያህል ጽንስ ማስወረድ ተመዘገበ። በአገራችንም አንዲት ልጃገረድ በወሬ ተደናግጣ መድኃኒቷን ስትተው፣ በምትኩ የሚመጣባት ነገር ከሸሸችው እንዳይብስ ማሰብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እንክብሉ የማይስማማቸው

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1996 ጀምሮ በሚያወጣው የመመዘኛ መመሪያ፣ ከመጀመሪያው የወር አበባ አንሥቶ እስከ 40 ዓመት ድረስ ዕድሜ ብቻውን ጥምሩን እንክብል የሚከለክል ምክንያት እንዳልሆነ ይናገራል፤ ከልካዮቹ ሌሎች ናቸው። ደም በእግሯ ወይም በሳንባዋ ረግቶባት የሚያውቅ፤ ደምን ለመርጋት የሚያፈጥን የትውልድ ጉድለት እንዳለባት የታወቀ፤ ብርቱ ራስ ምታት ሲጀምራት አስቀድሞ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ የሚልባት ወይም ግማሽ አካሏ የሚደነዝዝባት፤ የደም ግፊቷ ከ160 በ100 የደረሰ ወይም ያለፈ ልጃገረድ ጥምሩን እንክብል ፈጽማ አትወስድም፤ ግፊቷ ከ140 በ90 ያለፈም ሌላ ዓይነት መከላከያ ቢፈለግላት ይሻላል። ፋክተር ፋይቭ ላይደን የተባለው፣ በ1994 በሆላንድ የላይደን ከተማ የተገለጠው የትውልድ ጉድለት ከመቶ አውሮፓውያን በአምስቱ ያህል ሲገኝ በአፍሪካውያን ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን መርጋትን የሚከላከሉት ፕሮቲኖች መጕደል በሁሉም ሕዝብ ዘንድ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ «ከእናትሽ፣ ከአባትሽ፣ ከእኅት ከወንድሞችሽ በወጣትነቱ ደም የረጋበት አለ?» የሚለው ጥያቄ ለሐበሻም ልጅ ሊቀርብ የሚገባው ነው።

በልጅነቷ ተድራ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ የታቀፈች እናት ደግሞ፣ ጡት የምታጠባ ከሆነች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጥምሩን እንክብል ፈጽማ መውሰድ የለባትም፤ እስከ ስድስት ወርም ሌላውን ዓይነት ብትመርጥ ይሻላል። ለሐጅ ጉዞ ወይም ለሌላ ምክንያት የወር አበባን ለማዘግየት የሚወሰደው ኖርኤቲስተሮን የተባለው እንክብልም፣ በብዙ መጠን ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ከፊሉ ወደ ኤቲኒል ኤስትራዲዮል ስለሚለወጥ፣ እነዚሁ ጥያቄዎች አስቀድመው ሊጠየቁበት ይገባል። ሕዝቡ ፖስት ፒል የሚለው የድንገተኛ ጊዜ እንክብል ግን ኤስትሮጅን የለበትም፤ በልብ በኩል ይህን ያህል አያስፈራም፤ ሆኖም የዘወትር መከላከያ እንዲሆን የተሠራ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳን የሚያድነው ሪፋምፒሲንና አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ደግሞ የእንክብሉን ኃይል ስለሚያደክሙ፣ ልጃገረዲቱ የምትወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ልትናገር ያስፈልጋል።

የእኛ አገር ልዩ ጥያቄ

ይህን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቃል በቃል ብናነበው እንኳ፣ ለእኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው አንቀጽ ስለ ልብ ቫልቭ ሕመም የሚናገረው ነው። በጕሮሮ የሚጀምረው የቶንሲል ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል ተመልሶ በመገጣጠሚያና በልብ ላይ ይነሣል፤ ቁርጥማቱ በጊዜው ያልፋል፣ በልብ ቫልቮች ላይ የተወው ጠባሳ ግን ይኖራል። ይህ ሕመም በበለጸጉት አገሮች ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፣ በኢትዮጵያ ግን ዛሬም የልጆችንና የወጣቶችን ልብ ከሚያደክሙት ሕመሞች ዋነኛው ነው፤ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በተመሠረተው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ሕሙማን ማዕከል ተራ ከሚጠብቁት መካከል ልባቸው በዚህ የተጎዳ ብዙዎች አሉ።

እንዲህ ያለች ልጃገረድ በሁለት አደጋዎች መካከል ቆማ ትገኛለች። በአንድ ወገን፣ በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከቀድሞው ከመቶ 40 እስከ 50 ስለሚጨምር፣ ቫልቩ የጠበበ ልብ ይህን ሸክም መሸከም ያቅተውና እናቲቱን ለሞት ሊያደርሳት ይችላል፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶላት ዋርፋሪን የምትወስድም ብትሆን መድኃኒቱ ጽንሱን ይጎዳል። በሌላው ወገን፣ ሕመሙ ወደ ሳንባ የደም ሥር ግፊት ወይም ወደ ልብ ምት መዛባት ከደረሰ፣ በልቧ ውስጥ ደም የመርጋቱ ዕድል የበረታ ስለ ሆነ፣ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ለእርሷ የተከለከለ ነው። እርግዝናን መከላከል ለእርሷ የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ በስሕተት የተመረጠ መከላከያ ደግሞ ያንኑ ሕይወት የሚያጠፋ ይሆናል፤ የሚስማማት በክንድ የሚቀበረው ወይም ሐኪሟ የሚመርጥላት ኤስትሮጅን የሌለበት ሌላ መከላከያ ነው። ብዙ ልጃገረዶች ቫልቫቸው መጎዳቱን ሳያውቁ ስለሚኖሩም፣ «በልጅነትሽ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይዞሽ ነበርን? ዳገት ስትወጪ ከእኩዮችሽ ይልቅ ትንፋሽ ያጥርሻልን? በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጊ ታዝዘሽ ነበርን?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በጤና ጣቢያም፣ በጤና ኬላም፣ በመድኃኒት ቤት መስኰትም እንክብሉ ከመሰጠቱ በፊት ሊጠየቁ ይገባል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ምልክቶች

ማንኛዪቱም እንክብል የምትወስድ ልጃገረድ እነዚህን ምልክቶች በቃሏ ልትይዛቸው ያስፈልጋል፦ የአንድ እግር ባት ብቻውን ማበጥና መታመም፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል፤ ከዚህ በፊት ያልታየ ብርቱ ራስ ምታት፤ የዓይን ድንገት መጋረድ፤ የአፍ መንሻፈፍ፣ የምላስ መተሳሰር ወይም የአንድ ወገን አካል መደንዘዝ። ከእነዚህ አንዱ የታየባት እንክብሉን አቁማ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ በደረሰችም ጊዜ እንክብል እንደምትወስድ ለሐኪሙ አትሸሽግ። በሰባት ቀን ጸበል አይቶ ለመመለስ ወይም እስከ ነገ ለመታገሥ ይህ ሕመም ጊዜ አይሰጥም፤ ጸሎቱም ሕክምናው እየተሰጠ ሊደረስ ይችላል።

የምሥጢር ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ልጃገረዲቱ እንክብሉን ከእናቷ ሸሽጋ ስትወስድ፣ እናቲቱ ልጇን በልጅነቷ ስለያዛት ቁርጥማት፣ በወሊድ ማግስት እግሯ አብጦ ስለ ሞተች አክስቷ የምታውቀውን ለመናገር ዕድል አታገኝም፤ ሐኪሙም የሚያስፈልገውን ታሪክ ያጣል። ስለ ንጽሕናና ስለ ጋብቻ ማስተማር የወላጆችና የንስሐ አባቶች ድርሻ ነው፤ ይህን ድርሻ ማንም አይነጥቃቸውም፤ ነገር ግን ተግሣጹ ልጅን ከእናቷ የሚያሸሽ ሲሆን የሚከፈለው ዋጋ በሥጋዋ ላይ ይሆናል።

ስለዚህም ለሦስት ወገኖች አንድ አንድ ቃል ተናግረን እንፈጽም። ለመድኃኒት ባለሙያዎች፦ ልጃገረድ በመስኰታችሁ ስትቆም ገንዘቧን ከመቀበላችሁ በፊት ግፊቷን ለኩ፣ ጥያቄዎቹንም ሌላ ሰው በማይሰማበት ስፍራ ጠይቁ። ለወላጆች፦ ስለ ማኅፀን መድረቅ የምትጨነቁትን ያህል ስለ ልቧና ስለ ደም ግፊቷ ጠይቁ፤ የቤተሰባችሁንም የሕመም ታሪክ ለልጃችሁ አውርሷት። ለልጃገረዶች ደግሞ፦ ጤናማ ከሆንሽ እንክብሉ ሊያስፈራሽ አይገባም፤ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ዓይን የሚጋርድ ራስ ምታት ካለብሽ ግን ሌላ የሚስማማሽ መከላከያ አለና፣ ሳትለኪና ሳትጠየቂ አንዲቱንም እንክብል አትዋጪ።